ደህና ያልኩት ዓይን

ጡረታ በወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ፤ ዳቦ አስቆረሱኝ፤ ከዚያ አንዱ ተነስቶ «በሉ እንግዲህ፣ ዓይን አውጣው ሄደላችሁ!» ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው። አሰላ ያሉ የሙያ ጓደኞቼ የሚጠሩኝ በዚህ ስም ነው። ባለጌ ነህ ማለታቸው እንኳ አይደለም፤ በአርሲ ደጋ የከብት፣ የፈረስ፣ የበቅሎና የውሻ ዓይን ሳወጣ ስለኖርኩ ነው። አብሬያቸው ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ጋቢውን ሳወልቅ ግን እንባዬ መጣ። ባለቤቴ ሥራው የናፈቀኝ መስሏት «ኧረ ገና በመጀመሪያው ቀን!» አለችኝ። ያለቀስኩት ስለ አንድ ፈረስና ስለ አንድ ቀጥቃጭ ነበር፤ የሁለቱን ነገር ደግሞ ለእሷም ነግሬያት አላውቅም።

ሥራ የጀመርኩት እዚሁ አሰላ ነው፣ የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ። ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም፤ እልፈዋለሁ። የማላልፈው ጋሽ ወርቅነህን ነው። የክሊኒኩ ነባር ሠራተኛ ነበር፤ አጭር፣ ግንባሩ የተቋጠረ፣ ሰው ሲያናግረው የሚነጫነጭ፣ ከብት ሲያናግር ግን ድምፁ የሚለሰልስ። ውሻን በአማርኛ፣ በሬን በኦሮምኛ ያናግራል። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው «በሬው ያደገበት ነዋ! አንተ ታመህ ሐኪሙ በቻይንኛ ቢያባብልህ ደስ ይልሃል?» አለኝ። እጁን የሚታጠበው እስከ ክርኑ ነው፤ ሦስት ጊዜ። ውኃ ጠፍቶ በጄሪካን እየተቀዳ በሚመጣበት ሰሞን እንኳ ሦስቱ ሁለት ሆኖ አያውቅም።

ከእሱ ጋር የሠራሁት የመጀመሪያው ዓይን የአንዲት ድቅል ላም ነበር። ፊቷ ነጭ ነው። በዚህ ደጋ ፀሐይ ፊታቸው ነጭ የሆነ ላሞች ዓይናቸው ላይ ካንሰር ይወጣባቸዋል፤ መጀመሪያ የስንዴ ቅንጣት ታህላለች፣ ችላ ሲሏት ዓይኑን ሸፍና ትሸታለች፣ ዝንብ ይሰፍርባታል። ባለቤቲቱ በነጠላዋ ጫፍ ዝንቡን እያባረረች አጠገባችን ቆማለች። እኔ መሣሪያውን ቀቅዬ ጨርሻለሁ፤ ማደንዘዣው ተዘጋጅቷል። ጋሽ ወርቅነህ ግን የወጥ ቤት ፎጣ አምጥቶ አራት አጠፈና የታመመውን ዓይን ሸፈነበት። ከዚያ አንድ የባሕር ዛፍ አጣና መሬት ላይ አጋደመ። «አንተ ሳባት፣ ባለቤቷ አትንካት፤ ደግሞ ድምፅ እንዳታሰማ» አለኝ። ሳብኳት። ላሟ አጣናው ጋ ስትደርስ ቆም አለች፣ አየችው፣ እግሯን አንስታ ተሻገረች። ያን ጊዜ ነው ቢላዋውን ያነሳው።

«ደህናውን ሳትጠይቅ የታመመውን አትንካ» ይለኝ ነበር። «ባለቤት 'በደንብ ያያል' ይልሃል። ባለቤት ምን ያውቃል? እንስሳ መንገዱን በእግሩ ያውቀዋል፣ ጌታውን በድምፁ ያውቀዋል። እጅህን ዓይኑ ፊት ብታወናጭፍም ይጨፍንልሃል፤ ያስጨፈነው ንፋሱ ነው። አጣናው ግን አይዋሽም።» አንድ ጊዜ አንዲት በቅሎ አጣናው ላይ ተደናቅፋ በጉልበቷ ወደቀች። ቢላዋውን መልሶ ሳጥኑ ውስጥ ከተተ። የምታይባት ብቸኛ ዓይን ያቺ የታመመችው ነበረች። የዓይኗን ቆብ ሰፍቶ ዘጋላት፤ ወር ሙሉ ጠዋት ማታ ቅባት እያደረገ አዳናት።

ሥራውንም ልንገራችሁ፤ እጄ እስካሁን ያስታውሰዋል። ማደንዘዣውን በዓይኑ ዙሪያ አራት ቦታ እንወጋለን፤ መርፌው የአጥንቱን ጉድጓድ ተከትሎ ወደ ኋላ እንዲሄድ ትንሽ ይቆለመማል። ከዚያ ሁለቱን የዓይን ቆቦች አንድ ላይ እንሰፋቸዋለን፤ የክሩን ጫፍ አናሳጥረውም፣ መያዣ ይሆነናል። ከሽፋሽፍቱ አንድ ጣት ያህል ርቀን ቆዳውን ዙሪያውን እንቆርጣለን። ከዚያ ወዲያ ሥራው የመቀስ ነው፤ ጫፉ የጎበጠ መቀስ አጥንቱን ተጠግቶ ቀስ እያለ ይዞራል። እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው ዓይኑን ይጎትታል። ጋሽ ወርቅነህ ግራ መዳፉን ከብቱ ደረት ላይ ያሳርፍና «አትጎትት! ዓይን ሲጎተት ልብ ይዘገያል» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ መዳፌን አስቀምጬ ሲዘገይ ሰምቼዋለሁ። ከዓይኑ ኋላ ያለውን የነርቭና የደም ሥር ግንድ አስረን እንቆርጣለን፣ ደሙ እስኪቆም ጉድጓዱን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅጥቀን እንይዛለን፣ ቆዳውን ገጥመን እንሰፋለን። የወጣውን ዓይን ጋሽ ወርቅነህ ለውሻ አይጥልም። በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከክሊኒኩ ጀርባ ቆፍሮ ራሱ ይቀብረዋል። ለምን እንደሆነ ጠይቄው «ይኼም ይጠየቃል?» ብሎ ተቆጣኝ።

ከዚያ ወደ ሲሬ ተዛወርኩ። አለቃዬ ሪፖርት የሚወድ ሰው ነበር። ቅጹ ላይ ዓይን የሚል ቦታ ስላልነበረ የእኔ ሥራ ሁሉ «ሌሎች» በሚለው ስር ገባ። ሲሬ ላይ የተማርኩት ከስፌቱ በኋላ ስላለው ነገር ነው። አንድ ገበሬ ቀኝ ዓይኑን ያወጣሁለትን በሬ ከወር በኋላ እየነዳ መጣና «አበላሽተህብኛል፣ ትልም አይጠብቅም፣ ይሸሻል» አለኝ። በሬው በቀኝ የሚጠመድ ነበር፤ ዕውሩ ጎን ወደ ውጭ ሆኖበት ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ይበረግጋል። «በግራ ጥመደው፤ ዕውሩ ጎን ወደ ጓደኛው ይሁን፣ የሚያየው ወደ ውጭ» አልኩት። «በስተርጅናው ሊማር!» ብሎ ሳቀብኝ። ያም ሆኖ ሞከረው፤ በመኸሩ አንድ ቁና ገብስ ይዞልኝ መጣ። እንዲህ ዓይነት ቀን ሲገጥም ሰው ራሱን አዋቂ አድርጎ ያስባል። እኔም አሰብኩ።

ከሲሬ በኋላ ከጎበሳ ወዲያ ወዳለች አንዲት የገበያ መንደር ላኩኝ። ክሊኒኳ ሁለት ክፍል ናት፤ ሠራተኛዋ እኔ ብቻ። ገበሬው ሁሉ «ዶክተር» ይለኛል። መጀመሪያ ሰሞን አርማቸው ነበር፤ በኋላ ስሙ ጣመኝና ዝም አልኩ።

ከክሊኒኩ በታች የቀጥቃጩ የጋሽ ደግፌ ቤት አለ። አያት ቅድመ አያቱ ከሸዋ መጥተው የሠፈሩ፣ ብረት ቀጥቅጠው ያደሩ ናቸው። አገሩ ሁሉ ማረሻና ማጭድ የሚያሠራው እሱ ዘንድ ነው። ፊት ለፊት «ጋሽ ደግፌ» ይሉታል፤ ዞር ሲል ደግሞ ስለ ቀጥቃጭ ዓይን የሚወራውን ያወራሉ። እሱ ይህን ያውቃል፤ የሰው ልጅ ሲወለድ ሳይጠራ አይሄድም፣ የሰው ከብት ሲያይ ምርቃት ያስቀድማል። የእኔን ጎባጣ መቀስ ጫፉ ሲጣመም ያቃናልኝ እሱ ነው። ከገዛ ጢሙ አንድ ፀጉር ነቅሎ፣ በመቀሱ ቆርጦ አሳየኝና «አሁን የንጉሥ ዓይን ቢሆንም ያወጣል» አለኝ። ዋጋ አልተቀበለኝም።

የደግፌ ወዳጅ ኦቦ ቃሲም ነበር። ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ዳገት ላይ ገብስ የሚያርስ፣ ረጅም፣ ደግ ሰው። በኢድ ደግፌ ይወጣል፣ በፋሲካ ቃሲም ይወርዳል። ቃሲም ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ የሚባል ፈረስ ነበረው፤ ልጓሙን የሠራለትም ደግፌ ነው። ገበያ የሚወርደው፣ ለቅሶ የሚደርሰው፣ የታመመ ሰው ወደ ጎበሳ የሚያወርደው በቦራ ነበር።

በአንድ የገበያ ቀን ቃሲም ቦራን እየሳበ መጣ። የቀጋ እሾህ ቀኝ ዓይኑን ከወጋው አራት ቀን ሆኖታል፤ አብጧል፣ መግል ይዟል፣ ሊከፍተው አልቻለም። ዝናብ እያካፋ ነው። ከብት ያቆሙ ሰዎች አጥሩን ዞረው ተሰልፈዋል፤ አንዱ በጉን ታቅፎ ይጮህብኛል።

«ግራው ደህና ነው?» አልኩት።

«ኮከብ ነዋ! ስድስት ዓመት ስጋልበው አንድ ቀን ተደናቅፎብኝ አያውቅም። እሾሁ ከወጋው ወዲህ ነው እንጂ የሚደናቀፈው፤ ሕመሙ ነው፣ ያ ኢልማኮ።»

«ልጄ» ማለቱ ነው። እጄን ግራ ዓይኑ ፊት አወናጨፍኩ። ጨፈነ። ፈረሱ አንገቱን ወደ ግራ ጠምዘዝ አድርጎ መቆሙን አይቻለሁ፤ ሕመሙን ሲሸሽ ነው አልኩ። አጣናው አጥሩ ሥር ተጋድሞ ነበር፤ አምስት እርምጃ አይሆንም። ጭቃ ነበር፤ ሰውም ይጮሃል።

አስተኝተን አሰርነው። በሙያ ዘመኔ ከሠራኋቸው ሁሉ ያማረ ሥራ ነበር። አልጎተትኩም፣ ደም አልበዛም፣ ስፌቱ እንደ ጥልፍ ሆነ። የቴታነስ መርፌ ወጋሁት፣ ለዝንቡ ቅባት ሰጠሁ፣ «ዕውሩን ጎን ስትቀርበው ድምፅህን አሰማው» ብዬ አስተማርኩ። ቃሲም መረቀኝ። ሲመለስ ደግፌ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ገበያተኛው እየሰማ «አቤት! ዓይን አጥቶ እንኳ እንዲህ የሚያምር ፈረስ!» አለ። ወዳጁን ለማጽናናት ነው። በዚያች ቀን ምርቃት ማስቀደሙን ረሳ።

ቃሲም ክሩ ሊፈታ በሁለተኛው ሳምንት ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። «ቦራ በር ይገጫል» አለኝ። «ገደል አፋፍ ላይ አልቆም አለኝ።» ክሩን ፈታሁ። ከዚያ ፎጣ አላስፈለገኝም። ቦራን በራሴ እጅ ስቤ፣ ድምፅ ሳላሰማ ወደ አጣናው ወሰድኩት። በሁለት የፊት እግሮቹ ገባበት። ባትሪ አብርቼ ግራ ዓይኑን አየሁ። ከላይ ጥርት ያለ ነው፤ ብሌኑ ግን ተኮማትሯል፣ ከጀርባው ያደረ ሞራ አለ። እየተመላለሰ የሚያቃጥል፣ ቀስ ብሎ የሚያሳውር በሽታ ነው፤ የዓመታት ነበር። ፈረሱ ያን ሁሉ ጊዜ ቃሲምን ተሸክሞ ዳገት ሲወጣና ሲወርድ የኖረው እኔ ባወጣሁት ዓይን ነበር። አውቄ ቢሆን ቆቡን ሰፍቼ፣ ፈረሱን በጋሽ ደግፌ ግቢ አሳድሬ፣ ወር ሙሉ አክመው ነበር። ይድን ነበር ብዬ መማል አልችልም። ሳልሞክር ማውጣቴን ግን እምላለሁ።

አፌን ከፈትኩ። ቃሲም ቀደመኝ።

«ዓይን ነው» አለ። «ደግፌ ነው የበላብኝ። ያን ቀን ሁሉም ሰምቷል። ማሻአላህ እንኳ አላለም።»

ከአጥሩ ውጭ ሰዎች ቆመው ይሰማሉ። «አይደለም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት አራት ቃል ነው። ከዛሬ በኋላ ማን ከብቱን ያመጣልኛል? ወረዳው ምን ይለኛል? «ዶክተር» የሚለው ስምስ? እንዲህ ያለ ነገር በአእምሮዬ ሲመላለስ ጊዜው አለፈ። «እንግዲህ ምን ይደረጋል» አልኩት፤ ከአፌ የወጣው ይኸው ነው። እሱ ማረጋገጫ አድርጎ ወሰደው።

ወሬው እኔ ሳልፈልገው በእኔ ስም ሄደ፤ «ዶክተሩም አልካደም» ተባለ። ገበሬው ማረሻውን ጎበሳ ድረስ ተሸክሞ መሄድ ጀመረ። እናቶች ደግፌ ሲያልፍ ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። በዚያ ዓመት ፋሲካ ቃሲም አልወረደም።

አንድ ጠዋት ደግፌ ክሊኒኩ መጣ። ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ መሬት መሬት ያያል፤ ግቢ ውስጥ የታሰረች ጊደር ስለነበረች ነው።

«አንተ የተማርክ ነህ» አለኝ። «የሰው ዓይን ፈረስ ያሳውራል?»

«አያሳውርም፣ ጋሽ ደግፌ። ተረት ነው።»

«ታዲያ ቦራን ምን አሳወረው?»

«በሽታ ነበረበት» አልኩ። ግማሹ እውነት ነው፤ እንዲህ ያለ እውነት ከውሸት ይከፋል።

«ለቃሲም ንገርልኛ። አንተን ያምንሃል።»

«እሺ። እነግርልዎታለሁ።»

ወደ በሩ ሄደና ቆመ። «እኔም እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለ ዞር ሳይል። «ግን ቢሆንስ? እላለሁ አንዳንዴ። ቢሆንስ?»

አልነገርኩለትም። ዛሬ ነገ ስል ወደ አሰላ የመዛወሪያ ደብዳቤዬ መጣ፤ እፎይ ብዬ ጓዜን ጫንኩ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ቃሲም ቦራን እንዳልጣለው ሰማሁ። በእኛ አገር ሥራ ያቆመ ፈረስ ሥጋው ስለማይበላ ሜዳ ላይ ለጅብ ይለቀቃል። እሱ ግን በገመድ እየመራ ሣር አብልቶት፣ ውኃ አጠጥቶት፣ ዓመታት አኖረው። ደጁ ላይ ነው የሞተው።

አሰላ ስመለስ ጋሽ ወርቅነህ ታሞ ተኝቶ ነበር። ልጠይቀው ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። «አጣናውን የዘለለ ሰው አንተ የመጀመሪያው አይደለህም» አለ። «እኔም ዘልዬ ነው የተማርኩት። ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? እዚያ ያለውን ሰው አስፈትተው።» ብዙ አልቆየም፤ ቀበርነው። እኔም ቃሉን አብሬ የቀበርኩ ይመስል ዓመታት ዝም አልኩ። ከዩኒቨርሲቲ ለልምምድ የሚመጡት ወጣት ሐኪሞች ዛሬ በመሣሪያ የዓይንን ውስጥ ያያሉ፤ እኔ ግን አጣና ሳላስጋድም ቢላዋ አላስነሳቸውም ነበር። ጥንቃቄ መስሏቸው ያመሰግኑኛል።

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ጎበሳ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ በሞተር ሄድኩ። ቃሲም አርጅቷል፤ በከዘራ ነው የሚሄደው። አቅፎ ሳመኝ፤ እርጎ አስመጣልኝ። እርጎውን ሳልነካ ነገርኩት፤ አጣናውን፣ ዝናቡን፣ ሞራውን፣ ዝምታዬን።

ከዘራውን ከጎኑ አጋደመ።

«ያን ቀን ታውቅ ነበር?»

«ክሩን ስፈታ አወቅሁ።»

«ስለ ፈረሱ አውፍ ብዬሃለሁ» አለ። «ሰው ነህ፣ ትሳሳታለህ። ስለ ደግፌ ግን እኔ ምን ልበል? እኔም አለሁበት። ሠላሳ ዓመት የማውቀውን ሰው ትቼ የገበያ ወሬ አመንኩ።» ከዘራውን ተደግፎ ተነሳ። «ና፣ ተከተለኝ።»

ከጓሮ አንድ ዓመት የሞላው የፈረስ ውርንጭላ ፈትቶ ይዞ ወጣ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ ገብቶኝ ነበር። ዳገቱን ቀስ እያልን ወረድን፣ በየመሐሉ እያረፈ።

የደግፌ ወናፍ ከቆመ ቆይቷል። በሩ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። የኮቴ ድምፅ ሲሰማ ኮፍያውን ወደ ታች ሳበው። ቃሲም ስሙን ጠራው። ተንበርክኬ፣ ለቃሲም የነገርኩትን ሁሉ ነገርኩት። አልሰደበኝም፤ አንድ ጊዜ ብቻ «አይ ልጄ» አለ። ከዚያ ሁለቱ ሽማግሌዎች አንገት ለአንገት ተያይዘው አለቀሱ፤ እኔ መሬት ላይ እንዳለሁ።

«ደግፌ፣ ውርንጭላዬን እየልኝ» አለው ቃሲም። «ቀና በልና እየው። ሰው ሁሉ እያየ እንድታየው ነው ያመጣሁት።» መንገደኞች ቆመው ነበር።

ደግፌ ተነሳ። ውርንጭላው ፊት ቆመ። ቀና ለማለት ሞከረ፤ መልሶ አቀረቀረ። «ለመደብኝ፣ ቃሲም» አለ። ዓይኑን ጭምቅ አድርጎ ጨፈነና እጁን ዘረጋ። በዚያ ሻካራ መዳፉ ከግንባሩ እስከ አፍንጫው፣ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ቀስ ብሎ ዳሰሰው። ውርንጭላው ዝም ብሎ ቆመለት።

«ቆንጆ ነው፣ ማሻአላህ» አለ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ። «መልኩ ምንድን ነው?»

«ዳማ ነው» አለው ቃሲም።